የሰኔ ማታ ርችት በአትላንታ

ከመሀል አትላንታ ተነሥቶ በመሞሪያል ድራይቭ ጎዳና ወደ ስቶን ማውንቴን አቅጣጫ የሚነዳ ሰው፣ የፈረንጆቹ ጁን ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በገበያ አዳራሾች ፊት በተንጣለለው የመኪና ማቆሚያ ላይ ትናንት ያልነበረ ድንኳን ተተክሎ፣ ዙሪያውን ባንዲራ ተሰቅሎበት፣ በውስጡም ረጃጅም ጠረጴዛዎች ተደርድረው ያያል። በጠረጴዛዎቹ ላይ የሚታየው ዕቃ ለማያውቀው ሰው የሕፃናት መጫወቻ ይመስላል፤ ማሸጊያው ወርቃማና ሐምራዊ ነው፤ በላዩም ዘንዶ፣ ንስር ወይም የራስ ቅል ተሥሎበታል፤ አንድ ለገዛ ሌላ አንድ በነጻ እንደሚጨመርለትም በትልቅ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ወደ ድንኳኑ ከሚገቡት ሰዎች መካከል የእኛ ወገኖች ጥቂቶች አይደሉም። ከክላርክስተን፣ ከተከርና ከዲኬተር የመጡ አባቶች፣ ገሚሶቹ ገና ከሥራ መውጣታቸው ስለ ሆነ የመሥሪያ ቤት ልብሳቸውን እንደ ለበሱ፣ በልጆቻቸው እየተጎተቱ በጠረጴዛዎቹ መካከል ያልፋሉ። ልጆቹም በማሸጊያው ላይ የሰፈረውን እንግሊዝኛ ለአባቶቻቸው ይተረጉሙላቸዋል፤ ነገር ግን የሚተረጉሙት በትልቅ ፊደል የተጻፈውን የርችቱን ስም እንጂ፣ በጎኑ በደቂቅ ፊደል የታተመውን ማስጠንቀቂያ አይደለም።

የአሜሪካ የነጻነት በዓል የሚከበርበት ጁላይ 4 ቀን በእኛ አቆጣጠር ዘወትር ሰኔ 27 ቀን ይውላል፤ ዕለቱም ወርኃዊው የመድኃኔ ዓለም በዓል ነው። ጾመ ሐዋርያት ደግሞ እስከ ሐምሌ 5 ቀን ስለማይፈታ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በግቢው ከሰል አንድዶ ሥጋ ሲጠብስ፣ ጾሙን የሚጠብቀው ኢትዮጵያዊ በጢሱ መካከል ሽሮውን ይዞ ይቀመጣል፤ ከአሜሪካኖቹ በዓል ያለ አንዳች የኅሊና ወቀሳ ሊካፈል የሚችለውም ርችቱን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ላይ ሳምንቱ በሰሜን አሜሪካ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የመሰብሰቢያ ሳምንት ሆኗል፤ በ1984 የተጀመረው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር በየዓመቱ ከተማ እየለወጠ የሚካሄደው በዚሁ ሰሞን ነውና። አትላንታ በ2019 ይህን ውድድር ባስተናገደች ጊዜ ከየግዛቱ የመጣው ሕዝብ ሆቴሎቹንና የዘመድ ቤቶችን ሁሉ ሞልቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እንግዳ በበዛበት ቤት ደግሞ ሲመሽ አንዱ ተነሥቶ ርችት ይተኮስ ማለቱ የተለመደ ነው።

እኔ ይህን ነገር ባሰብሁ ቍጥር የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ የዚህ እሳት ኀላፊ ማን ነው?

ከድንበር ማዶ ወደ መንደር

ጆርጂያ ዛሬ ርችት በየጎዳናው ዳር የሚሸጥባት ግዛት ትሁን እንጂ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረችም። እስከ 2015 ድረስ በሕግ የተፈቀደው በእጅ የሚያዘው ብልጭልጭና እርሱን የመሳሰሉት ጥቃቅኖቹ ብቻ ስለ ነበሩ፣ ወደ ሰማይ የሚተኮሰውንና የሚፈነዳውን የወደደ ሰው ወደ አላባማ፣ ወደ ደቡብ ካሮላይና ወይም ወደ ቴነሲ ነድቶ፣ ከድንበሩ ማዶ ከተከፈቱት ሱቆች ገዝቶ፣ በመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ደብቆ ይመለስ ነበር። በዚያ ዓመት ግን አገረ ገዥው ናታን ዲል አዲሱን ሕግ ፈረሙና፣ ከጁላይ 1 ቀን ጀምሮ ርችቱ በግልጽ ይሸጥ ዘንድ ተፈቀደ። ሕጉ በርችት ሽያጭ ላይ 5 በመቶ የተለየ ቀረጥ ጣለ፤ በሚቀጥለው ዓመት በ2016 ደግሞ የግዛቱ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ፣ ይህ ገንዘብ በአደጋ ለተጎዱ ሰዎች ሕክምና፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ሥልጠናና መሣሪያ፣ እንዲሁም ለአካባቢ ጸጥታ ጥበቃ እንዲውል ወሰነ። ርችት የሚገዛ አባት እንግዲህ ምናልባት ለሚደርስበት ጉዳት የሕክምናውን ጥቂት ፍራንክ ገና በድንኳኑ ውስጥ ሳለ ይከፍላል ማለት ነው፤ ሕግ አውጪዎቹ የሚመጣውን ነገር አስቀድመው አልተረዱትም ሊባል አይችልም።

የመተኮሻው ሰዓት ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ነው፤ ከ2018 ወዲህ ግን ከተሞችና ካውንቲዎች ስለ ጩኸት ባወጡት ደንብ ይህን ሰዓት ለማጥበብ ሥልጣን አግኝተዋል። ሊያጠቡት የማይችሉት በታወቁት የበዓል ቀኖች ብቻ ነው፤ ጁላይ 3 እና 4 ከእነዚህ መካከል ናቸው፤ የፈረንጆቹ የዘመን መለወጫ ሌሊትም እንደዚሁ። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው አይገዛም፤ የሰከረ ሰው አይተኩስም፤ ከሆስፒታል፣ ከአረጋውያን መጦሪያ ወይም ከነዳጅ ማደያ በ100 ያርድ ርቀት ውስጥ መተኮስ ክልክል ነው። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ላይ ነው። በአፓርታማ የሚኖር ሰው ሊያስብበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ፤ ብዙዎቹ የኪራይ ውሎች በግቢው ውስጥ ርችት መለኰስን ፈጽመው ይከለክላሉ፤ ውሉን ግን ሲፈርሙት እንጂ ሲያነቡት ያየሁት ሰው ብዙ አይደለም።

በቱቦው ውስጥ ያለው

በመንደር ከሚተኮሱት ርችቶች ሁሉ ብርቱ የሚባለው በቱቦ የሚወነጨፈው ነው። ቱቦው ከወፍራም ካርቶን ወይም ከፋይበር የተሠራ፣ ከሥሩ ሰፋ ያለ መቆሚያ ያለው፣ ቁመቱ እስከ ክንድ የሚደርስ ነው፤ በውስጡ የሚገባው ኳስ ከቡጢ የሚያንስ ሲሆን፣ ከእርሱም ረጅም መለኰሻ ክር ተያይዞ ከቱቦው አፍ ውጭ ይንጠለጠላል። ከኳሱ ሥር ያለው ባሩድ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት፣ ከድኝ፣ ከከሰልና ከባሩድ ጨው የተቀመመው ጥቁር ዱቄት ነው፤ እሳት ሲነካው በቅጽበት ወደ ጋዝ ይለወጥና ኳሱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ኳሱ ወደ ላይ በሚወጣበት ጊዜ በውስጡ ያለው ሌላ ዝግተኛ ክር እየነደደ ይሄዳል፤ ከፍታው ላይ ሲደርስም ሁለተኛው ባሩድ ተቀጣጥሎ ቀለማቱን ይበትናል። ቀዩ ስትሮንሺየም ከሚባለው ማዕድን፣ አረንጓዴው ከባሪየም፣ ሰማያዊው ከመዳብ፣ ቢጫውም ከሶዲየም የሚወጣ ነው።

ይህን ሥራ በቅርብ ላየ ሰው አደጋው ከየት እንደሚገባ ግልጽ ነው። ኳሱ ተገልብጦ የገባ እንደ ሆነ ወደ ላይ የሚገፋው ኀይል አቅጣጫውን ያጣና ፍንዳታው በቱቦው ውስጥ ወይም በተኳሹ እግር ሥር ይሆናል። ቱቦው በሣር ላይ ያለ ድጋፍ የቆመ እንደ ሆነ የመጀመሪያው ምት ያጋድለዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ወደ ተመልካቹ ይሄዳል። ላትቪያዊው የበረዶ ሆኪ በረኛ ማቲስ ኪቭሌኒክስ በ2021 ጁላይ 4 ቀን ሚሺጋን ውስጥ በ24 ዓመቱ የሞተው እንዲህ ባለው ነገር ነው፤ ደጋግሞ የሚተኩሰው ርችት አጋድሎ ሰዎች ወደ ነበሩበት ተኮሰና ደረቱን መታው።

ከሁሉም የሚብሰው ግን ክሩ ነዶ ካለቀ በኋላ ምንም ድምፅ ሳይሰማ የቀረ እንደ ሆነ ነው። በዚያን ጊዜ የሰው ጠባይ ሄዶ ማየት ነው፤ ጎንበስ ይላል፤ በቱቦው አፍ በኩል ወደ ውስጥ ይመለከታል፤ ክሩን በጣቱ ይነካካል። ስለ አደጋ መከላከል የሚሠሩ የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች በየዓመቱ ሳይታክቱ የሚደግሙት ምክር፣ ያልተኮሰውን ርችት ዳግመኛ አትለኵሱ፣ ጥቂት ቆይታችሁ ከራቀ ቦታ ውሃ አፍስሱበት፣ ከዚያም በባልዲ ውሃ ውስጥ ዘፍቃችሁት ይደር የሚል ነው። ምክሩ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ለርችቱ ሠላሳ ዶላር የከፈለ ሰው ሠላሳ ዶላሩን በባልዲ ለመዝፈቅ ልቡ አይፈቅድለትም።

— የሰው ጠባይ ሄዶ ማየት ነው፤ ጎንበስ ብሎ በቱቦው አፍ ወደ ውስጥ መመልከት።

ከዚህ ሁሉ ውጭ ያለ ሌላ ነገርም በየሰፈሩ በድብቅ ይዞራል። ኤም 80 የሚባለው፣ ቀድሞ ለወታደሮች ማሠልጠኛ የጥይት ድምፅ እንዲያስመስል የተሠራው ፈንጂ፣ በ1966 በወጣው ሕግ ለሕዝብ እንዳይሸጥ ከተከለከለ ዘመን አልፎታል። በመሬት ላይ የሚፈነዳ ሕጋዊ ርችት የሚይዘው ፈንጂ ከ50 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የተወሰነ ሲሆን፣ እነዚህ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚይዙ፣ በጓዳ የተቀመሙም ስለሚገኙባቸው፣ ክራቸው መቼ ነዶ እንደሚያልቅ የሠራቸውም ሰው አያውቅም። ስም የሌለበት፣ ማስጠንቀቂያ ያልተጻፈበት፣ በቡኒ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ማንም ቢያመጣ ማባረር ነው።

ለሕፃን እጅ የሚሰጠው

ትልልቆቹ ከባዱን ርችት ለራሳቸው ያስቀሩና ለሕፃናቱ በእጅ የሚያዘውን ብልጭልጭ ይሰጧቸዋል፤ ይህንም የሚያደርጉት ለደኅንነታቸው በማሰብ ነው። ብልጭልጩ ሽቦ ላይ የተለሰነ ቅመም ነው፤ ሲለኰስ ከዋክብት የሚመስሉ ፍንጣሪዎችን ይረጫል፤ ድምፁም የማያስፈራ ሹክሹክታ ነው። ሙቀቱ ግን ወደ 1,100 ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ወርቅና መዳብ ለመቅለጥ ከዚህ ያነሰ ይበቃቸዋል። እናት በልጇ እጅ የፈላ ጀበና አትሰጥም፤ የጀበናው ውሃ ግን 100 ሴንቲግሬድ እንኳ በቅጡ አይሞላም። ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ከሚደርሰው የርችት ጉዳት ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም ይኸው ንጹሕ መስሎ የሚታየው ነገር ነው።

ሕፃን እጁን በጎኑ አጠጋግቶ ይይዛል፤ ይሮጣል፤ ወንድሙን ያቅፋል። የሐበሻ ቀሚስ ሰፊና ቀጭን ፈትል ስለ ሆነ፣ በተለይም ለበዓል የሚለበሰው ረጅም ሲሆን፣ ፍንጣሪ የያዘው እንደ ሆነ እሳቱ ወደ ላይ ለመውጣት ጊዜ አይፈጅበትም። ብልጭልጩ ነዶ ካለቀ በኋላም ሽቦው ገና የጋለ ነው፤ በሣር ላይ ተጥሎ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ ይረግጠዋል። አንዲት የክላርክስተን እናት ለዚህ ያበጀችው ዘዴ የሚመሰገን ነው፤ ልጆቹ ሁሉ ጫማ ሳያደርጉ አንዳች ነገር እንደማይሰጣቸው ያውቃሉ፤ ሲጨርሱም እያንዳንዱ የራሱን ሽቦ አምጥቶ በውሃ ባልዲ ውስጥ ካልከተተ ሁለተኛው አይለኰስለትም። ከአራት ዓመት በታች ላለው ግን የምትሰጠው በባትሪ የሚበራውን ፋኖስ ነው፤ ያለቅሳል፤ ያለቅስ ትላለች።

የግሬዲ ሌሊት

በ1892 የተከፈተው የግሬዲ ሆስፒታል በመሀል አትላንታ የሚገኝ፣ የመጀመሪያ ደረጃ የአደጋ ሕክምና የሚሰጥበት፣ በጆርጂያም ካሉት ጥቂት የቃጠሎ ሕክምና ማዕከሎች አንዱን የያዘ ቤት ነው፤ በከተማይቱ ውስጥ ከባድ አደጋ የደረሰበት ሰው በአብዛኛው የሚወሰደው ወደዚያ ነው። በእንደዚህ ያለ ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ከነርሶቹም መካከል የእኛ ሰዎች ብዙዎች ናቸው፣ ስለ ጁላይ 4 ሌሊት ሲናገሩ የቃላቸው ምስክርነት ተመሳሳይ ነው። በርችት ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው እጅና ጣት ነው፤ ከዚያ በኋላ ፊትና ራስ፣ ዓይንም ጭምር ነው። ከሚመጡትም መካከል ርችት ሲተኩሱ የነበሩ ብቻ ሳይሆኑ ቆመው ይመለከቱ የነበሩም ይገኛሉ። የተቃጠለ ቆዳ ይድናል፤ ጠባሳም ይለመዳል፤ ነገር ግን የዓይን ብሌን የተቀደደ እንደ ሆነ የሐኪም ጥበብ ሁሉ ብርሃኑን ላይመልሰው ይችላል።

አንዲት ነርስ በወገኖቿ ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝናት ነገር ከአደጋው ቀጥሎ በቤት ውስጥ የሚደረገው ሕክምና እንደ ሆነ ትናገራለች። ቃጠሎው ላይ ቅቤ የተቀባ፣ የጥርስ ሳሙና የተለሰነ፣ እንቁላል የፈሰሰበት፣ ሊጥም የተለጠፈበት ሰው ይመጣል፤ ሐኪሙም ቍስሉን ከማየቱ በፊት ይህን ሁሉ ማጠብ ይኖርበታል፤ መታጠቡም ለሕመምተኛው ሁለተኛ ቃጠሎ ነው። ለተቃጠለ ገላ የሚገባው የቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ በረዶ አይደለም፤ ውሃውም ለአንድ አፍታ ሳይሆን እስከ ሃያ ደቂቃ ድረስ ይፍሰስበት፤ ቀለበትና አምባር እብጠቱ ሳይጀምር ይውለቅ፤ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ሳይጠብቅ ይሸፈን። ዓይን ሲጎዳ ግን ነገሩ ይለያል፤ አይታሽም፤ አይጫኑትም፤ የገባበትም ነገር ቢኖር በቤት አይወጣም፤ የወረቀት ኩባያ በመሰለ ነገር ከላይ ጋርዶ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። የተቆረጠ ጣት ቢኖር በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ከረጢት ተከቶ፣ ከረጢቱ በበረዶ ላይ ተቀምጦ አብሮ ይሂድ፤ ጣቱ ራሱ በረዶውን እንዳይነካ።

ገንዘብን ፈርቶ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ አለ። የኢንሹራንስ ወረቀት የለኝም፣ መኖሪያ ፈቃዴም ገና ነው እያለ ቍስሉን በፎጣ ጠቅልሎ የሚያድር ሰው፣ ከ1986 ጀምሮ በጸናው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል የመክፈል ዐቅሙን ሳይመለከት መርምሮ ሕይወቱን ከአደጋ እንዲያወጣለት ግዴታ እንዳለበት ቢያውቅ መልካም ነበር። ሒሳቡ በኋላ መምጣቱ አይቀርም፤ እርሱ ሌላ ጣጣ ነው፤ የእጅ ጅማት ግን እስከ ሰኞ አይጠብቅም።

ደመራ በመኪና ማቆሚያ

እኛ እሳትን በበዓል ለማክበር ከአሜሪካ የተማርን ሕዝብ አይደለንም። በቡሄ ችቦ አብርተናል፤ የዘመን መለወጫን ዋዜማ በችቦ ተቀብለናል፤ መስከረም 16 ቀንም ደመራ ለኵሰን ዕፀ መስቀሉ የተገኘበትን ትውፊት ስንዘክር ኖረናል፤ ይህም በዓል በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ደመራ ከርችት እጅግ የሚበልጥ እሳት ነው። ይሁን እንጂ ማንም እንደ ወደደ የሚለኵሰው እሳት አይደለም። ምእመናኑ በየደረጃቸው ቆመው፣ ካህናቱ በመስቀልና በማዕጠንት ዙሪያውን ዞረው፣ ጸሎቱ ደርሶ፣ የሚለኵሰው አባት ተለይቶ ከታወቀ በኋላ ነው እሳቱ የሚያያዘው፤ ሕዝቡም ምሰሶው ወዴት እንደሚወድቅ ለማየት በሚጓጓበት ሰዓት እንኳ ርቀቱን ያውቃል፤ የሚቀርበውም እሳቱ አመድ ከሆነ በኋላ፣ ግንባሩን በአመዱ ሊቀባ ነው።

በአትላንታ ዙሪያ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ይህንኑ ሥርዓት በመኪና ማቆሚያቸው ላይ ሲፈጽሙት ማየት ያስደንቃል። በሰሜን ጆርጂያ በሚገኙ 54 ካውንቲዎች፣ የአትላንታዎቹም በዚህ ውስጥ ናቸው፣ ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ ቅጠልና ቍጥቋጦ በሜዳ ላይ ማቃጠል ስለ አየር ጥራት ሲባል የተከለከለ ነው፤ ደመራችንም ሊፈቀድ አራት ቀን ያህል ሲቀረው በክልከላው መጨረሻ ላይ ይውላል። ስለዚህ የሰበካው ሽማግሌዎች አስቀድመው የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱን ያነጋግራሉ፤ ለሥርዓተ አምልኮ የሚለኰስ ትንሽ እሳት መሆኑን ያስረዳሉ። ደመራው የአንድ ሰው ቁመት ያህል ብቻ ሆኖ ይቆማል፤ ከሥሩ አስፋልቱ እንዳይቀልጥ አሸዋ ይነጠፋል፤ የውሃ ቧንቧ እስከ አጠገቡ ተዘርግቶ አንድ ወጣት እስከ መጨረሻው ይዞት ይቆማል። አደይ አበባ በዚያ አገር የለም፤ ነገር ግን በዚያው በመስከረም በስቶን ማውንቴን ግራጫ ድንጋይ ላይ ብቅ የሚል፣ አደይን የሚመስል ቢጫ አበባ አለ፤ ላየው አገር ቤት የሚያደርስ ነው።

— ደመራ ከርችት እጅግ የሚበልጥ እሳት ነው፤ ይሁን እንጂ ማንም እንደ ወደደ የሚለኵሰው እሳት አይደለም።

ቧንቧውን ይዞ የሚቆመው ያ ወጣት ነው እንግዲህ በሰኔው ማታ የሚታጣው። በመስከረም እሳቱን የሚጠብቅ ሰው ተሰይሞለት፣ ሽማግሌ ታዝዞበት፣ ሕፃናት ወደ ኋላ ተመልሰው የሚያከብረው ያው ቤተ ሰብ፣ ከሦስት ወር በፊት ግን በአፓርታማው ጓሮ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ አምስት ርችት ሲለኵስ፣ ከአምስቱ ሁለቱ ቢራ በእጃቸው ይዘው ሲቆሙ፣ የሚቈጣ ሽማግሌ አይገኝም። ሽማግሌዎቹ ምክንያታቸውን ሲናገሩ፣ ይህ የአሜሪካኖቹ በዓል ነው፣ ደንቡንም ልጆቹ ያውቁታል ይላሉ። ልጆቹ ግን ደንቡን አያውቁትም፤ የሚያውቁት ከስልካቸው ላይ ያዩትን ነው።

ይህ አስተያየት ብቻ እንዳልሆነ የ2020 ዓመት ያስረዳል። በዚያ ዓመት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከተሞች በባለሙያ የሚተኮሰውን የአደባባይ ርችት ሰረዙ፤ ሕዝቡም ርችቱን ገዝቶ በየደጁ ተኮሰ። በዚያ ዓመት በመላው አሜሪካ ወደ ሆስፒታል የሄዱት ሰዎች ቍጥር ከ10,000 ወደ 15,600 ገደማ ዘለለ፤ የሞቱትም 18 ሆኑ። ባሩዱ ያው ባሩድ ነበር፤ የተለወጠው የለኰሰው እጅ ነው።

ድምፁን የሚሰሙት

ክላርክስተን ከየአገሩ የተሰደደ ሰው የተሰበሰበባት ከተማ ናት፤ ሶማሌው፣ ኮንጎዊው፣ ሶርያዊው፣ በርማዊው፣ አፍጋኑ ከእኛ ሰው ጋር በአንድ ደረጃ ላይ ይወጣል ይወርዳል። በዚህች ከተማ ጁላይ 4 ቀን ማታ ርችት መተኮስ ማለት፣ በግድግዳው ማዶ ያለው ሰው ድምፁን ከምን ጋር እንደሚያያይዘው ሳያውቁ መተኮስ ማለት ነው። በቀይ ሽብር ዘመን ሌሊቱን የሚሰማውን ተኩስ እየቆጠሩ ያደጉ አረጋውያን አሉ፤ ከትግራይና ከዐማራ ጦርነት የወጡ፣ ከባድ መሣሪያ ከርቀት ሲመጣ በጆሯቸው የሚለዩ ወጣቶችም አሉ። አንድ ሽማግሌ በዚያ ምሽት መስኮታቸውን ዘግተው፣ ቴሌቪዥናቸውን እስከ መጨረሻው አስጩኸው፣ ቅዳሴ እየሰሙ እንደሚቀመጡ ይናገራሉ፤ ልጆቻቸው በውጭ ሲስቁ ይሰማሉ፤ እንዳይስቁ ሊከለክሏቸው ደግሞ አይወዱም። ድምፁ ያማቸዋል፣ የልጆቹ ደስታ ደስ ይላቸዋል፤ ሁለቱም እውነት ነው። የሚለምኑት አንድ ነገር ቢኖር በየትኛው ሰዓት እንደሚተኮስ አስቀድሞ እንዲነገራቸው ነው፤ ሰዓቱ የታወቀ ድምፅ ካልታሰበው ድምፅ ይልቅ ይቀላልና። ይህንን ለጎረቤት በር አንኳኵቶ መንገር አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

የአትላንታ ሰውም ለዚህ እንግዳ አይደለም። በ1996 የኦሊምፒክ ውድድር በአትላንታ በተካሄደበት ጊዜ፣ ጁላይ 27 ቀን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ20 ገደማ በሴንቴኒያል ኦሊምፒክ ፓርክ ቦምብ ፈንድቶ አንዲት ሴት ሲገድል ከመቶ በላይ ሰዎችን አቈሰለ፤ ድምፁን ከሰሙት መካከል ርችት መስሏቸው ጥቂት ጊዜ ቆመው የነበሩ እንዳሉ በጊዜው ተነግሯል። ፋጡማ ሮባ በማራቶን የመጀመሪያዋ አፍሪቃዊት ባለ ወርቅ ሆና በዚሁ ከተማ ጎዳና የሮጠችው በማግሥቱ ነው። ለእኛ አትላንታ የምታስታውሰን የፋጡማንና የኀይሌ ገብረ ሥላሴን ድል ነው፤ ለከተማው ሰው ግን ያ ሌሊትም አለበት።

ከሰማይ የሚመለስ

ርችት በሚተኮስበት ምሽት አብሮ የሚተኮስ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ጥይት ነው። ይህንን ነገር ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በጎጃምና በጎንደር ሠርግ ላይ፣ በጥምቀት አጀብ መካከል፣ በጀግና ቀብርም ላይ ወደ ሰማይ መተኮስ የክብር ምልክት ሆኖ ኖሯልና። በአገር ቤት ዛሬ ፖሊስ ታላላቅ በዓላት በመጡ ቍጥር ርችት እንኳ እንዳይተኮስ በማስታወቂያ የሚከለክለው፣ ሕዝቡ በተሰበሰበበት የተኩስ ድምፅ የመሰለ ሁሉ ሽብርና መረጋገጥ ስለሚያስከትል ነው።

ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ይመለሳል። የ2009 ዓመት ሊያልቅ የ2010 ሊገባ በነበረበት ሌሊት፣ በዲኬተር አካባቢ በምትገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ምእመናኑ ዘመኑን በጸሎት ሊቀበሉ ተሰብስበው ሳለ፣ አንድ ሰው በሩቅ በደስታ የተኮሰው ጥይት ጣራውን በስቶ ገብቶ፣ ከቤተ ሰቡ ጋር ተቀምጦ የነበረውን የ4 ዓመት ሕፃን ገደለው። የእኛም አብያተ ክርስቲያናት በዚያው ካውንቲ ውስጥ ናቸው፤ ጣራቸውም ያው ጣራ ነው። በርችቱ ድምፅ ተከልሎ መሣሪያውን አውጥቶ የሚሞክር ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለ እንደ ሆነ፣ ባለ ቤቱ ይሉኝታን ጥሎ ቢያስቀምጠው ለሁሉም ይበጃል።

በማግሥቱ

ጁላይ 5 ቀን ማለዳ ግቢው በካርቶን ቁርጥራጭ፣ በጠቆረ ሽቦና በባዶ ቱቦ ተሸፍኖ ያድራል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በዚያ ማለዳ የሚጠሩበት አንዱ ምክንያት የቆሻሻ መጣያ ነው፤ ገና ያልበረደ ርችት ከወረቀትና ከላስቲክ ጋር ተጥሎ ሌሊቱን ሲጨስ ያድርና፣ በረንዳው ሥር የቆመው መጣያ ሲነድ የቤቱን ግድግዳ ይዞ ይወጣል። ሌላው ምክንያት ከትልልቆቹ አስቀድመው የሚነሡት ልጆች ናቸው። ያልፈነዱትን እየለቀሙ ይሰበስባሉ፤ ከፍተው ባሩዱን በአንድ ላይ ያጠራቅማሉ፤ ከኩሽና ክብሪት ያመጣሉ። ይህን የነገረኝ አንድ ታዳጊ ወጣት፣ ማታ ከተተኮሰው ሁሉ ይልቅ ጧት የሚገኘው ይበልጥ ያስደስተው እንደ ነበር አልደበቀም፤ ነጻ ነዋ!

ዘንድሮ አንድ የሰበካ ጉባኤ፣ የደመራውን ጠባቂ የሚመርጠው ኮሚቴ፣ ለሰኔውም ማታ በየአፓርታማው ግቢ አንድ አንድ ሰው ቢሰየም ምን ይመስላል የሚል አሳብ ቀርቦለት ነበር። ክርክሩ ረዘመ። ገሚሶቹ ቤተ ክርስቲያን በዓለማዊ ርችት ውስጥ ምን ይዟታል አሉ፤ ሌሎቹ ልጆቹ ምእመናን አይደሉም ወይ ብለው መለሱ፤ አንድ ቀሲስ ደግሞ ዕለቱ የመድኃኔ ዓለም መሆኑን አስታውሰው፣ ማታ የጸሎት መርሐ ግብር ቢደረግ ሕዝቡ ከርችቱ እንደሚርቅ ተስፋ አደረጉ፤ በዚህ የተስማማላቸው ሰው ጥቂት ነው። በመጨረሻ ስምምነት የተገኘው በአንድ አነስተኛ ነገር ላይ ብቻ ነበር። ድግስ ባለበት ቤት ሁሉ የቤቱ አድራሻ፣ የሕንጻው ቍጥርና የግቢው መግቢያ ኮድ ሳይቀር፣ በትልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ በማቀዝቀዣው በር ላይ እንዲለጠፍ ተወሰነ፤ ምክንያቱም 911 የሚደውለው ብዙውን ጊዜ ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ነው፤ እርሱም የት እንዳለ ሲጠየቅ የሚመልሰው፣ እገሌ ቤት ነኝ እያለ ነው።